ልጆቹስ ያነባሉ፦ «የታዳጊ ልብ ወለድ አያስፈልገንም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ አንጋፋ ጸሐፊ በእኔ ቢጤዎች ላይ ጠንከር ያለ ጽሑፍ አውጥተዋል። ስማቸውን አልጠራም። ሙግቴ ከሐሳባቸው ጋር ነው። ደግሞም ሥራዎቻቸውን እያነበብኩ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ከዚህ በኋላ «ጋሼ» ነው የምላቸው።

ጋሼ ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። የዛሬ ታዳጊ አያነብም፤ ስልኩን ነው የሚያየው። ለማያነብ ሰው መጻፍ ከንቱ ድካም ነው። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ልጆች ሕይወትን ሳያዩ ልብ ወለድ ይጽፋሉ። የሚጽፉትም ፍቅር ፍቅር የሚሸት፣ ምክር የሌለው፣ በሰፈር ቋንቋ የተሞላ ነው። አርታዒ አያውቁም። ገበያውም ፈርዶባቸዋል፤ መጽሐፋቸው አይሸጥም። ስለዚህ ልጅ ከተረት በቀጥታ ወደ ትልልቆቹ ድርሰቶች ይሻገር፤ እኛም እንዲያ ነው ያደግነው።

እኔ 24 ዓመቴ ነው። ለታዳጊዎች አንድ ልብ ወለድ አሳትሜያለሁ፤ ሁለተኛው ረቂቅ ላይ ነው። ጋሼ በአንዱ ነጥብ ልክ ናቸው። በሌላው ግማሽ ልክ ናቸው። የቀረውን ግን አልውጥም።

«አያነቡም»

ከዚህ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ጋሼ በማስረጃነት የጠቀሱት የልጃቸውን ልጅ ነው። 15 ዓመቷ ነው። ቤቱ በመጽሐፍ ተሞልቶ እሷ ዓይኗን ከስልኳ አትነቅልም።

ጋሼ፣ ስልኳ ላይ ምን እንደምትሠራ ጠይቀዋታል?

ብዙ እኩዮቿ የሚያደርጉትን ልንገርዎ። ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ቴሌግራም ላይ ተከታታይ ልብ ወለድ ያነባሉ። «ክፍል 1»፣ «ክፍል 2» እየተባለ ይለቀቃል። ልብ ተንጠልጥሎ ሲቀር «ይቀጥላል» ይላል። አንዳንዱ ጸሐፊ ላይኩ ካልሞላ ቀጣዩን ክፍል አልለቅም ብሎ ያስፈራራል። ልጆቹ ጓደኞቻቸውን ይቀሰቅሳሉ፤ ላይኩ ይሞላል። 40 እና 50 ክፍል የዘለቀ ታሪክ አለ። ተጠርዞ ቢወጣ ወፍራም መጽሐፍ ይወጣዋል።

ጥራቱ? አብዛኛው የሀብታም ልጅና የድሃ ልጅ ፍቅር ነው። አራት ነጥብ የሚባል ነገር የማያውቅም አለ። በዚህ አልከራከርም። ግን ይሄ ንባብ ካልሆነ ምንድን ነው? እናቴ እንደነገረችኝ እነሱ ከሰፈር ሱቅ መያዣ አስይዘው በሳንቲም መጽሐፍ ይከራዩ ነበር። የወንጀሉንም የስለላውንም የትርጉም ልብ ወለድ የጨረሱት በዚያ መንገድ ነው፤ ክፍል ውስጥ ከዴስክ ሥር ደብቀው። ያኔም «ይሄ ልጅ አያነብም» ይባል ነበር አሉ። የትምህርቱን ማለታቸው ነው።

እኔም የጀመርኩት እንዲያ ነው። 10ኛ ክፍል ሳለሁ ደብተር ላይ አንድ ታሪክ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ወሰደችው። ከሷ ሌላዋ ተቀበለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለስልኝ ጠርዙ ተበልቶ፣ ዳር ዳሩ በአራት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ነበር። «ለምን ሄደ?» «እዚህ ጋ አለቀስኩ።» «ይሄ ልጅ አይሆናትም፣ ተዪው።» ደብተሩ በኋላ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ተወረሰ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አስተያየት ደርሶኛል። እንደዚያ የሚያህል ግን አላገኘሁም።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከሀገሪቱ ሕዝብ 45 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ነበር። ከተቆጠሩት አንዷ እኔ ነኝ፤ ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። እኛ ታዲያ አደግን። ለኛ የሚሆን መጽሐፍ ፍለጋ መደብር ስንገባ የምናገኘው ወይ ጥንቸልና ጅብ ነው፣ ወይ የአዋቂ ነው። መሐሉን የያዘው አጋዥ መጽሐፍ ነው።

ጋሼ መሐሉን ይዝለሉት ነው የሚሉት። እንዴት ነው የሚዘለለው? አባባ ተስፋዬ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ይሰበሰብ የነበረው ሕፃን ነው። ያ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው ከምንጣፉ ተነሥቷል። ድምፁ ጎርንኗል። ለእናቱ የማይነግረው ነገር ይዟል። ከዚያ አንሥተን ወፍራም ድርሰት እናሸክመዋለን። የሚሻገር አለ። ጋሼ ተሻግረዋል። ሳይሻገሩ የቀሩት ግን ጽሑፍ አይጽፉም፤ ስለዚህ አንሰማቸውም።

«ሕይወትን ሳያዩ ይጽፋሉ»

የትኛውን ሕይወት? ስለ ትዳር፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ እርጅና ልጻፍ ብል ጋሼ ልክ ነበሩ። እኔ የጻፍኩት ስለ 10ኛ ክፍል ነው። እኔ 10ኛ ክፍል የነበርኩት ከስምንት ዓመት በፊት ነው። የጋሼ ከስንት ዓመት በፊት እንደሆነ አልጠይቅም፤ ነውር ነው።

አሜሪካ ውስጥ፣ ኦክላሆማ፣ ቱልሳ በምትባል ከተማ ኤስ. ኢ. ሂንተን የምትባል ልጅ ነበረች። በከተማዋ ስለሚጣሉ የወጣት ቡድኖች መጻፍ ስትጀምር 15 ዓመቷ ነው። ለእኩዮቿ ተብለው በተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ የምታውቀውን ሕይወት ስላጣች ራሷ ጻፈችው። «ዘ አውትሳይደርስ» በ1967 እ.ኤ.አ. ሲታተም 18 ዓመቷ ነበር። ሙሉ ስሟ ቀርቶ በሁለት ፊደል እንድትጠራ የተደረገው፣ ወንድ ሐያስያን የሴት ሥራ መሆኑን አይተው እንዳይንቁት ነው። መጽሐፉ እስከ ዛሬ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። እኔ ሂንተን አይደለሁም። ግን የልደት ሰርተፊኬት የመጽሐፍ ግምገማ አይሆንም።

ግማሽ ልክ ናቸው ያልኩት ግን እዚህ ላይ ነው። የመጽሐፌ ልጆች ይዋሻሉ፣ ይኮርፋሉ፣ ይታረቃሉ። አዋቂዎቹ ደግሞ ይገባሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይወጣሉ። አባትየው በ180 ገጽ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳቀም። አባት ብቻውን ሲሆን በምን እንደሚስቅ ያኔ አላውቅም ነበር። አሁንም ገና እያጠናሁ ነው።

«ፍቅር ይሸታል፣ ምክር የለውም»

ባለታሪኬ 16 ዓመቷ ነው። እናቷ ለሥራ ዓረብ ሀገር ሄዳለች። ታናሽ ወንድሟን የምታሳድገው እሷ ናት። አንድ የክፍሏ ልጅ ይወዳታል፤ ደብተር ያውሳታል። ፍቅሩ ይኸው ነው። መሳሳም የለም። ቆጥሬ ነው የምነግርዎ።

ሽፋኑ ላይ ግን ደረጃ ላይ የተቀመጡ ወንድና ሴት ልጅ አሉ። በመሐላቸው ቦርሳ አለ። ሠዓሊው ቦርሳውን የጨመረው እኔ ለምኜው ነው፤ ይሄ ነገር እንደሚመጣ ታውቆኝ ነበር። ቦርሳውም አላዳነኝም። አንዲት እናት መጽሐፉን ለልጃቸው ገዝተው ሄደው በማግሥቱ በሽፋኑ ምክንያት መልሰውታል። መደብሩ ነው የነገረኝ።

ከሽፋኑ ይልቅ ያስቆጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳለች የወር አበባዋ ይመጣል። ሞዴስ መግዣ የላትም። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ከዴስኩ ሳትነሣ ትውላለች። ከዚያ ሦስት ቀን ትቀራለች። አራት ገጽ ነው። ከወላጆች የደረሰኝ ተቃውሞ ሁሉ ማለት ይቻላል ስለዚህ አራት ገጽ ነው። ይሄ ምን ያደርጋል፣ በመጽሐፍ ይጻፋል ወይ ነው የሚሉት። ከልጃገረዶች የደረሰኝ መልእክትም በብዛት ስለዚሁ አራት ገጽ ነው። አንዷ የገጹን ፎቶ ልካ ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ጻፈች፤ «እኔ»።

ምክር የለውም ለሚሉት፣ እዚያ ቦታ ላይ ምን ብዬ ልምከራት? ሞዴስ ግዢ?

ስለ ፍቅር ካነሣን አይቀር፣ ጋሼ ልጆች ይሻገሩባቸው ካሏቸው ድርሰቶች የመጀመሪያው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። እኔም እወደዋለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያልሰማ ቤት ጥቂት ነው። ታሪኩ ግን ምንድን ነው? ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ወጣት፣ ሊያስተምራት የገባባትን የትልቅ ሰው ልጅ ይወዳል። ተደብቀው ይዋደዳሉ። እሷም በስተኋላ እሱን ፍለጋ ቤቷን ጥላ ትወጣለች። ይህንኑ ዛሬ አንዲት የ22 ዓመት ልጅ ቦሌ ላይ አድርጋ ብትጽፈው፣ አስጠኚው ተማሪውን ወደደ፣ እሷም ከቤት ጠፋች ብላ ብታመጣው፣ ጋሼ ምን ዓይነት ጽሑፍ ይጽፉ እንደነበር መገመት አያቅተኝም።

«በሰፈር ቋንቋ»

እነ «ጀለስ»ንና እነ «ላሽ»ን ማለታቸው ነው። ተራኪዬ እንዲህ አታወራም። የሚያወሩት ልጆቹ ናቸው፤ ያውም እርስ በርሳቸው ሲሆኑ። ለአስተማሪ ሲመልሱ አማርኛቸውን ያስተካክላሉ፣ ለአያታቸው ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ለጓደኛው «ወዳጄ ሆይ፣ እባክህ ተከተለኝ» እንዲል ማድረግ እችላለሁ። አንባቢዬ ግን መጽሐፉን እዚያው ይከድነዋል።

ይልቅ ጋሼ ያላነሡት ችግር አለ። የሰፈር ቋንቋ ቶሎ ያረጃል። በ17 ዓመቴ የጻፍኩት ንግግር በ22 ዓመቴ ታተመ። አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ አንብቦ «ይሄን ቃል እኛ አንለውም፤ የእናንተ ጊዜ ነው» አለኝ። የእናንተ ጊዜ! ለሁለተኛው ረቂቅ ግማሹን አውጥቼዋለሁ።

ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ታሪኩንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ ያነባል። ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ ውጭ ፈልጎ፣ ሳይታዘዝ፣ 180 ገጽ አማርኛ ካነበበ ለቋንቋው የሚቆረቆር ሰው ሊከፋው አይገባም።

«አርታዒ አያውቁም»

ልክ ናቸው። የመጀመሪያ መጽሐፌን ያረመችልኝ ጓደኛዬ ናት፤ የተማረችው አካውንቲንግ ነው። ለአርታዒ ብዬ ያስቀመጥኩት ብር ወረቀት በላው።

የጻፍኩት ስልኬ ላይ ነው። ገጹን ያቀናበረው ልጅ ደግሞ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የቆየ የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራም ነበር የሚሠራው። ጽሑፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ፊደሉ ተተራመሰ። «ጐ» የነበረበት ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብለን ሳጥን ስንለቅም አደርን። ሳጥን ስንለቅም ታሪኩን ረሳነው። ገጽ 61 ላይ ሄኖክ የነበረው ልጅ ገጽ 140 ላይ ናትናኤል ሆኖ ብቅ አለ። እንዲያ ሆኖ 1,000 ቅጂ ታተመ።

ምረቃው ላይ ስለ መጽሐፉ የተናገሩት አዋቂዎች አንዳቸውም ይህን አላነሡም። ያገኘችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ትምህርት ቤታቸው ጋብዞኝ ስሄድ እጇን አወጣች። «ናትናኤል ማነው?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቤቴ ስገባ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ልጅቷ ሰማንያ ገጽ ሙሉ ሄኖክን ይዛው ሄዳለች።

ይህ ግን የወጣት ደራሲ ብቻ ጉድ አይደለም። በደርግ ጊዜ የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ ተቀብሎ፣ አርታዒ መድቦ ያሳትም ነበር። ሳንሱሩ እንዲመለስ የሚመኝ የለም። አርታዒዎቹ ግን ሳላያቸው ይናፍቁኛል። ዛሬ አብዛኛው ደራሲ ራሱ አሳታሚ፣ ራሱ አራሚ፣ ራሱ ተሸካሚ ነው። የጋሼ እኩዮችም ጭምር።

«ገበያው ፈርዶባቸዋል»

ጋሼ እዚህ ላይ እርግጠኛ ናቸው፤ እኔ ደግሞ በገንዘቤ ያየሁት ነገር ነው። ሒሳቡን ላውጣው።

1,000 ቅጂ ለማሳተም 145,000 ብር ከፈልኩ። 80,000ው የእናቴ እቁብ ነው። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ «ሥራሽ ከሆነ ውሰጂ» አለች። የሽፋኑ ዋጋ 300 ብር ሆነ። አከፋፋዩ 35 በመቶ ይቆርጣል፤ የሚከፍለውም ሲሸጥ ነው። መቼ እንደተሸጠ የሚያውቀው እሱ ነው። በአንድ ዓመት 640 ተሸጠ። የቀረው አልጋዬ ሥር ነው፤ ለእንግዳ ሳሎን ካነሰ እሱ ላይ ይቀመጣሉ።

640 ትንሽ ነው። ጋሼ በዚህ ቢስቁ አልቀየምም። ግን ማን እንዳልገዛ አይተዋል? አንድ የመጽሐፍ ባዛር ላይ ሦስት ቀን ቆሜ ሸጥኩ። ተመሳሳይ ነገር ደጋግሜ አየሁ። ልጅቷ መጽሐፉን ታነሣለች፣ መሐሉን ገልጣ ማንበብ ትጀምራለች። ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ። እናት ይመጣሉ። ከእጇ ይወስዱና ጀርባውን ያነባሉ። «ትምህርታዊ ነው?» ይሉኛል። ልብ ወለድ ነው እላለሁ። ያስቀምጡታል። አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ የኬሚስትሪ አጋዥ ገዝተው ይሄዳሉ። ልጅቷ ዞራ ሽፋኑን ታየዋለች።

የሚያነበው ሌላ ነው፣ የሚገዛው ሌላ። የአዋቂ ልብ ወለድ ደራሲ ይህ ጣጣ የለበትም። የሱ አንባቢ ኪሱ ውስጥ የራሱ ብር አለው። የኔ አንባቢ ያላት የታክሲ ብር ነው።

እናቲቱ ላይ አልፈርድም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ተፈታኝ ብቻ ነው። ያንን ያየ ወላጅ ብሩን ኬሚስትሪ ላይ ቢያውል ምን ይባላል? አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስሄድ ወንበሩን የሞሉት ታዳጊዎች ናቸው። ፊታቸው የተዘረጋው በብዛት የፈተና ጥያቄ ነው። ለኔ ይህ ያለማንበብ ምልክት አይደለም። ማንበብ ሥራ ብቻ ሲሆን የሚመጣ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ የወረቀቱ ነገር ባሰበት። ለሁለተኛ እትም ማተሚያ ቤት ስጠይቅ የተነገረኝ ዋጋ የመጀመሪያውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እናቴ ሁለተኛ እቁብ አልደረሳትም። የገበያ ፍርድ የሚባለው ውስጥ ይሄም አለበት።

አሁን ወደ አንድ የሚያናድድ ነገር ልምጣ። መጽሐፌ በወጣ በሁለት ወሩ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። በሕግ አያስኬድም። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ዕድሜ ልኩን፣ ከዚያም ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። የኔ ሁለት ወር ነው የተጠበቀው። ከፍቼ አየሁት። ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ የተነሣ ነው። ገጹ እንዳይታጠፍ የያዘው አውራ ጣት ከዳር ይታያል። ጥፍሩ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ቀለሙ ጫፉ ላይ ተልጧል። 180 ገጽ ሙሉ ያ ጣት አለ። ገጽ 90 አካባቢ ላይ መብራት ጠፍቶባት ነው መሰል በፍላሽ አንሥታዋለች።

ፒዲኤፉን ከ9,000 በላይ ሰው አይቶታል። አለቀስኩ፤ የእናቴን እቁብ አስቤ ነው። ትንሽ ቆይቼ ቁጥሩን ደግሜ አየሁት። 640 እና 9,000። ፈርዷል የተባለው ገበያ ይሄ ነው እንግዲህ። አሁን ሁለተኛውን መጽሐፍ በየምዕራፉ በትንሽ ብር ስልክ ላይ ለመልቀቅ እያሰብኩ ነው፤ አንድ ምዕራፍ ከታክሲ ሒሳብ እንዳይበልጥ አድርጌ። የወረቀቱን ጥቂት ቅጂ ለትምህርት ቤቶች አደርገዋለሁ። ይሠራል አይሠራም፣ እናያለን። ሰማያዊ ጥፍር ያላትን ልጅ ባገኛት ግን መጀመሪያ እቆጣታለሁ፣ ቀጥዬ ቡና እጋብዛታለሁ።

ጋሼ፣ ለልጅዎ ልጅ አንድ ቅጂ ጽሑፍዎ የወጣበት ዝግጅት ክፍል በር ላይ በስምዎ አስቀምጫለሁ። ሽፋኑን በጋዜጣ ለብጬዋለሁ፤ ደረጃውም ልጆቹም አይታዩም። ገጽ 140 ላይ ናትናኤልን በእስክሪብቶ ሰርዤ ሄኖክ ብዬዋለሁ።